አሮጌ የእሽቅድምድም መኪናዎችና አዳሾቻቸው

ተማሪ ቤታችን የተመሠረተበትን በዓል በምናከብርበት በዚህ ዓመት ታሪክ ነክ ጽሑፍ እንዳቀርብ በታዘዝሁ ጊዜ፣ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት መጻፍን ትቼ ስለ መኪና ለመጻፍ መምረጤ ለአንዳንድ አንባቢዎች እንግዳ ነገር ሊሆንባቸው ይችላል። ስለዚህ ምክንያቴን አስቀድሜ ልናገር። አጎቴ መካኒክ ነው፤ እኔም ከትምህርት ስመለስ ወደ ጋራዡ ጎራ ማለት ልማዴ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ሰው ከአባቱ የወረሰውን አሮጌ ቮልስ በሰው እያስገፋ አመጣና፣ «ጋሼ፣ ይህን ነገር ለቁራሌው ልሽጠው ወይስ ይታደሳል?» ሲል ጠየቀው። አጎቴም መኪናውን ዞሮ ዞሮ ካየ በኋላ፣ «መታደሱስ ይታደሳል፤ ነገር ግን ታድሶ ሲያበቃ ያባትህ መኪና ይሁን የእኔ፣ እሱን አንተ ታውቃለህ» አለው። ነገሩ እንደ ቀልድ ተቆጥሮ ተሳቀበት፤ በእኔ ልብ ውስጥ ግን ጥያቄ ሆኖ ቀረ። ይህንኑ ጥያቄ በሌላ አገር ያሉ ሰዎች ለብዙ ዓመታት ሲከራከሩበት እንደ ኖሩ በኋላ አነበብሁ። ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው የእነዚያን ሰዎች ታሪክ ነው። የማነሣቸው ዓመታት፣ የአገራችን መሆናቸው ካልተገለጠ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልኝ።

በቤንዚን የምትሄደውን መኪና ጀርመናዊው ካርል ቤንዝ በ1886 በመንግሥት መዝገብ ካስመዘገባት በኋላ፣ ሰዎች እርስ በርሳቸው በመኪና መሽቀዳደም ለመጀመር ብዙ ጊዜ አልፈጀባቸውም። በ1894 ከፓሪስ እስከ ሩዋን ድረስ የመኪናዎች ውድድር ተደረገ። በሚቀጥለው ዓመት በ1895 ደግሞ ከፓሪስ ቦርዶ ደርሶ መልስ 1,178 ኪሎ ሜትር ጕዞ ሆነና፣ ኤሚል ሌቫሶር የተባለው ፈረንሳዊ 48 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ነድቶ ከሁሉ ቀድሞ ገባ። ይህም በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑ ነው። ዛሬ ይህን ሰምተን ፈገግ ብንልም፣ የዚያን ጊዜውን መንገድና የዚያን ጊዜውን ጎማ ላሰበ ሰው ታላቅ ጀግንነት ነበር።

ወደ አገራችን የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በገቡበት ወቅት፣ በእንግሊዝ አገር ብሩክላንድስ በተባለ ስፍራ ለእሽቅድምድም ብቻ የታቀደ በኮንክሪት የተሠራ መንገድ በ1907 ተከፍቶ ነበር። ዙሪያው 4 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ሲሆን፣ መኪናዎቹ ፍጥነታቸውን ሳይቀንሱ መታጠፍ እንዲችሉ ማዞሪያዎቹ እንደ ሳሕን ጠርዝ ወደ ውጭ ከፍ ተደርገው ተሠርተዋል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ በፈረንሳይ አገር ለ ማን በተባለ ከተማ ከ1923 ጀምሮ ሃያ አራት ሰዓት ሙሉ የሚነዳበት ውድድር ተቋቋመ። የስፖርት መኪና የሚባለውም ዓይነት የታወቀው በዚህ ዘመን ነው። ይኸውም ባለቤቱ በአዘቦት ቀን ወደ ሥራው የሚሄድባት፣ በበዓል ቀን ደግሞ የሚሽቀዳደምባት፣ ሁለት ሰው የምትይዝ ቀላል መኪና ማለት ነው። የእንግሊዙ ቤንትሌይ በለ ማን አምስት ጊዜ፣ በ1924 እንዲሁም ከ1927 እስከ 1930 በተከታታይ አሸነፈ። በፈረንሳይ አገር ሞልሴም ላይ በኤቶሬ ቡጋቲ የተሠሩት መኪናዎች ደግሞ በሲሲሊ ተራሮች የሚደረገውን ታርጋ ፍሎሪዮ የሚባለውን ውድድር ከ1925 እስከ 1929 አምስት ዓመት በተከታታይ ወሰዱ።

ይሁን እንጂ የእሽቅድምድም መኪና ክብር እንደ አደይ አበባ አጭር ነው። በዚህ ዓመት ያሸነፈችው መኪና በሁለተኛው ዓመት በምትሻል ትቀደማለች፤ በአምስተኛው ዓመት ማንም አያያትም። በ1929 የተጀመረው የዓለም የገንዘብ ችግር ሲጨመርበትማ ነገሩ ባሰ። ስመ ጥሩው የቤንትሌይ ኩባንያ እንኳ ዕዳ ስለ በዛበት በ1931 በሮልስ ሮይስ ተገዛ። ትናንት ሕዝብ ያጨበጨበላቸው መኪናዎች በየጎተራው ጥግ ዶሮ ሰፈረባቸው፤ አንዳንዶቹም ተበታትነው በብረትነታቸው በኪሎ ተሸጡ።

ይህን ጥፋት አይተው ዝም ያላሉ ሰዎች ግን ነበሩ። አስቀድሞ በ1896 በእንግሊዝ አገር በመኪና ፊት ሰው እየሄደ እንዲመራ ያስገድድ የነበረው ሕግ በተሻረ ጊዜ፣ ባለመኪናዎች ነጻነታቸውን ለማክበር በኅዳር ወር ከለንደን እስከ ብራይተን ተጕዘው ነበር። በ1927 ይህ ጕዞ በዚያው ዘመን መኪናዎች እንደገና ተደረገ፤ ዛሬም ከ1905 በፊት የተሠሩ መኪናዎች በየዓመቱ በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ። ቀጥሎም በ1934 «ቪንቴጅ ስፖርትስ ካር ክለብ» የሚባል ማኅበር ተመሠረተ። መሥራቾቹ ባለጠጎች አልነበሩም። አዲስ የስፖርት መኪና ለመግዛት ገንዘብ ያነሳቸው፣ ነገር ግን አሮጌውን በራሳቸው እጅ አድሰው ለመንዳት ጕልበትና ፍቅር ያልጐደላቸው ጐልማሶች ነበሩ። ማኅበራቸውም ከ1931 በፊት ለተሠሩ መኪናዎች እንዲሆን ወሰኑ፤ ከዚያ ወዲህ የሚሠሩት መኪናዎች ለርካሽነት እንጂ ለጥራት አይታሰብላቸውም የሚል እምነት ነበራቸውና።

ከእነዚህ ሰዎች መካከል ሲሲል ክላተን የተባለው ይጠቀሳል። ይህ ሰው የቤተ ክርስቲያን ኦርጋንና የጥንት ሰዓቶች ዐዋቂ ነበር። ለ1908 የፈረንሳይ ታላቅ ውድድር በኢጣልያ አገር የተሠራችውንና 12 ሊትር ሞተር ያላትን ኢታላ የተባለች መኪና ይዞ፣ ሌላው ሰው ለሙዚየም እንኳ አትሆንም በሚልበት ጊዜ፣ እርሱ ለብዙ ዓመታት ሲሽቀዳደምባት ኖረ። ከጥንታዊ ሰዓት ጋር የኖረ ሰው ይህን ማድረጉ አያስገርምም፤ የቆመ ሰዓት ምንም ያህል ቢያምር ሰዓትነቱ የሚታወቀው ሲቈጥር ብቻ ነውና። በ1929 የተቋቋመው የቡጋቲ ባለቤቶች ማኅበርም በ1937 ፕሬስኮት የተባለውን ኰረብታማ ርስት ገዝቶ፣ በሚቀጥለው ዓመት የዳገት ውድድር ጀመረበት። መንገዱ ዛሬ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መኪናዎቹ አንድ በአንድ ይወጣሉ፤ እያንዳንዱ ሰው የሚወዳደረው ከሰዓት ጋር ስለሆነ፣ ገንዘብ የሌለው ሰው መኪናውን ከሌላ መኪና ጋር አጋጭቶ እንዳይከስር ይጠቅመዋል።

አሁን ማደስ ማለት ምን እንደ ሆነ በአጭሩ ልግለጥ። ለምሳሌ ቡጋቲ በ1924 በሊዮን ከተማ ለተደረገው ውድድር ያቀረባትን ዓይነት 35 የምትባለውን መኪና እንውሰድ። ሞተሯ በአንድ መስመር የተደረደሩ ስምንት ሲሊንደሮች አሉት፤ መጠኑ ሁለት ሊትር ያህል ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ሦስት ሦስት ቫልቭ አለው። ቸርኬዎቿ ከአሉሚኒየም የተቀረጹ ናቸው፤ የፍሬኑም ከበሮ ከቸርኬው ጋር አንድ ሆኖ ስለ ተሠራ፣ ጎማው ሲወልቅ ፍሬኑ አብሮ ይታያል። ፒስቶኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ የሚሽከረከረው በጥይትና በሮለር ኩሽኔታ ላይ ነው፤ ስለዚህም ዘንጉ ከብዙ ቍራጭ ተገጣጥሞ የተሠራ ነው።

እንዲህ ያለችውን መኪና የሚያድስ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ አንድም ብሎን ሳይፈታ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ የሻንሲውንና የሞተሩን ቍጥር ይመዘግባል። ከዚያ በኋላ ይፈታታል፤ የፈታውንም በየሣጥኑ እየለየ ምልክት ያደርግበታል። ቴስታታው ተሰንጥቆ እንደ ሆነ ይመረምራል፤ የተበላውን ኩሽኔታ ይለውጣል፤ በገበያ የማይገኘውን ዕቃ በቶርኖ አስቀርጾ ያሠራል። የአካሉ ቆርቆሮ የሚያርፍበት እንጨት በስብሶ እንደ ሆነ አናጢ ይፈልጋል፤ ቆርቆሮውን ደግሞ ለባትላሜራ ይሰጣል። በዚህም ሥራ ቅዳሜና እሑዱ ሁሉ ያልቃል፤ አምስትና ዐሥር ዓመት የፈጀባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ሚስቶቻቸው በወጥ ቤት ውስጥ ካርቡራቶር ማግኘታቸውን እንደሚጠሉ ለማወቅ መጽሐፍ ማንበብ አያስፈልግም፤ አጎቴን መጠየቅ ይበቃል።

ለምን ታዲያ ይህን ያህል የተደከመበትን መኪና ለእሽቅድምድም ያወጡታል? የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሳቸው እንዲህ ነው፤ ያልተነዳ ሞተር ይደርቃል፤ ጎማውም ቆሞ ይሰነጠቃል፤ ከሁሉም ይልቅ አነዳዱን የሚያውቀው ሰው ይሞትና ዕውቀቱ አብሮት ይቀበራል። ስለዚህ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንዲህ ያለው ውድድር በየአገሩ ተስፋፋ። በአሜሪካ በሞንተሬይ ከ1974 ጀምሮ፣ በእንግሊዝ አገር በጉድውድ ከ1998 ጀምሮ የጥንት መኪናዎች ይሽቀዳደማሉ። በኢጣልያ አገር ከብሬሻ ሮማ ደርሶ መልስ 1,600 ኪሎ ሜትር ያህል ይነዳበት የነበረው ሚሌ ሚሊያ በ1957 በደረሰው አደጋ ሁለት ተወዳዳሪዎችና ዘጠኝ ተመልካቾች ስለ ሞቱ ተቋርጦ ነበር። በ1977 ሲመለስ ግን በፍጥነት የሚሸነፉበት መሆኑ ቀርቶ፣ በተወሰነው ሰዓት በትክክል የሚደርስ የሚያሸንፍበት ሆነ። ሰው ከአሮጌ መኪና ጋር አሮጌውንም ስሕተት ማደስ እንደማያስፈልገው ከዚህ እንማራለን።

ከዚህ በላይ ግን ማደስ ራሱ የታሪክ ምርመራ ሊሆን እንደሚችል የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። ጆን ጎድፍሬይ ፓሪ ቶማስ የተባለ የዌልስ ተወላጅ መሐንዲስ፣ በሞንዛ ውድድር ላይ በ1924 የሞተውን የካውንት ሉዊ ዝቦሮቭስኪን ታላቅ መኪና በ125 ፓውንድ ገዛ። መኪናዋ ሊበርቲ የተባለ የአሜሪካ የአውሮፕላን ሞተር የተገጠመላት፣ 27 ሊትር ዐሥራ ሁለት ሲሊንደር ያላት ነበረች። እርሱም አሻሽሎ «ባብስ» ብሎ ሰየማት፤ በሚያዝያ 1926 በዌልስ አገር በፔንዲን የባሕር ዳር አሸዋ ላይ በሰዓት 275 ኪሎ ሜትር ነድቶ የዓለምን የፍጥነት ወሰን ያዘ። በየካቲት 1927 ማልኮልም ካምብል በዚያው አሸዋ ላይ 281 ኪሎ ሜትር አድርጎ ወሰኑን ወሰደበት። ቶማስም ወሰኑን ለማስመለስ መጋቢት 3 ቀን 1927 ሲሞክር መኪናዋ ተገልብጣ፣ በአርባ አንድ ዓመቱ ሞተ። ባብስም በዚያው በአሸዋው ውስጥ ተቀበረች።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የቶማስ አሟሟት እንዲህ ተብሎ ይነገር ነበር፤ «ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማዎች የሚያደርሰው ሰንሰለት ተበጥሶ አንገቱን መታው።» ይህ ወሬ ከአፍ ወደ አፍ፣ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲተላለፍ አርባ ዓመት አለፈ። በ1969 ኦወን ዊን ኦወን የተባለ የቴክኒክ መምህር ፈቃድ አግኝቶ መኪናዋን ከአሸዋው ቈፍሮ አወጣት። የሞተ ሰው መታሰቢያ አይነካ ብለው የተቃወሙ ነበሩ፤ ተቃውሞአቸውም የሚናቅ አይደለም። እርሱ ግን ዐሥራ አምስት ዓመት ያህል ደክሞ አደሳት፤ ሞተሯንም አስነሣ። የወጣው ብረት በተመረመረ ጊዜ የአደጋው መነሻ ሰንሰለቱ ሳይሆን የኋላ ጎማ መሰበር ሊሆን እንደሚችል የሚያመለክት ነገር ተገኘ። እንግዲህ የታሪክ ተማሪዎች ይህን ልብ እንበል፤ አርባ ዓመት የተነገረ ወሬ በአንድ የዛገ ብረት ተጠየቀ። ብረቱን አቅልጠውት ቢሆን ኖሮ መስካሪው በጠፋ ነበር።

ነገር ግን ሁሉም ነገር መታደስ አለበት ማለት አይደለም። በ1925 የተሠራች አንዲት ትንሽ ቡጋቲ በስዊዘርላንድ ውስጥ ማጆሬ በሚባለው ሐይቅ ተጥላ ነበር፤ የጉምሩክ ቀረጥ ስላልተከፈለባት በሰንሰለት ታስራ ወደ ውኃው ወርዳ፣ ሰንሰለቱ ዝጎ ሲበጠስ ወደ ጥልቁ እንደ ሰጠመች ይነገራል። በ1967 ጠላቂ ዋናተኞች ከ50 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ አገኟት፤ በ2009 ወጥታ በሚቀጥለው ዓመት በፓሪስ በሐራጅ ከ260 ሺህ ዩሮ በላይ ተሸጠች፤ ገንዘቡም ለበጎ አድራጎት ዋለ። የገዛት ሰው ግን አላደሳትም፤ ዝገት እንደ በላት በካሊፎርኒያ በነበረ ሙዚየም አቆማት። ብትታደስ ኖሮ ከሐይቁ የወጣው ጥቂት ብረት ብቻ ይቀርና የቀረው አዲስ ይሆን ነበር። ባብስ ስትታደስ ታሪኳን ተናገረች፤ ይህች ደግሞ ባለመታደሷ ተናገረች። ስለዚህ ዐዋቂ አዳሽ የሚባለው መቼ መፍቻውን ማንሣት፣ መቼም ማስቀመጥ እንዳለበት የሚለይ ነው።

አሁን ወደ አጎቴ ጥያቄ እንመለስ። ዕቃዋ ሁሉ የተለወጠ መኪና ያችው መኪና ናትን? ይህ ጥያቄ በ1990 በለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቀርቦ ነበር። በ1929 እና በ1930 በለ ማን ያሸነፈችው «አሮጌዋ ቍጥር አንድ» የተባለችው ቤንትሌይ በ10 ሚሊዮን ፓውንድ ልትሸጥ ውል ተደርጎ ሳለ፣ ገዢው ኩባንያ «ይህች እውነተኛይቱ መኪና አይደለችም» ብሎ ውሉን አፈረሰ። በእርግጥም ብዙ ነገሯ ተለውጦ ነበር። በ1932 ትልቅ ሞተር ተገጥሞላት በብሩክላንድስ ስትሽቀዳደም ሾፌሯ ክላይቭ ደንፊ በአደጋ ሞተ፤ እርስዋም እንደገና ተሠርታ ሌላ አካል ለበሰች። ለ ማን ላይ ከነበራት ዕቃ የቀረላት በጣም ጥቂት ነበር። ዳኛው ግን ነገሩን ከመረመሩ በኋላ ለሻጩ ፈረዱ። የፍርዱም ሐሳብ ባጭሩ ሲገለጥ እንዲህ ነው፤ መኪናዋ ከፋብሪካ እንደ ወጣች አልቀረችም፤ ነገር ግን በማንኛውም ጊዜ ሕይወቷ ተቋርጦ ሌላ መኪና አልተተካባትም፤ በየጊዜው ብትለወጥም ታሪኳ ሳይቋረጥ ስለ መጣ ያችው አሮጌዋ ቍጥር አንድ ናት።

ይህ ፍርድ ግን ለአታላይ በር እንዳይከፍት ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ከአንዲት አሮጌ መኪና ዕቃ ሁለት መኪና ሠርተው ሁለቱንም «እውነተኛ» ብለው የሚሸጡ አሉና። በ1966 የተቋቋመው የጥንት መኪናዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር በ2012 የቶሪኖ ቻርተር የተባለውን ደንብ ያጸደቀውም ስለዚህ ነው። ደንቡ የሚጠይቀው የቀድሞው ዕቃ በተቻለ መጠን እንዲጠበቅ፣ የተለወጠው ሁሉ በመዝገብ እንዲሰፍር፣ አዲሱም ዕቃ አዲስነቱ እንዲታወቅ ነው። ባጭሩ አዳሽ ሊዋሽ አይገባውም ማለት ነው።

ውድ አንባቢያን ሆይ፣ ይህ ሁሉ የባዕድ አገር ባለመኪናዎች ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በየከተማችን ጋራዥ ውስጥ፣ ፋብሪካቸው መሥራቱን ካቆመ ብዙ ዓመት የሆናቸውን ቮልስና ሴይቼንቶ በእጃቸው ጥበብ የሚያስኬዱ መካኒኮች አሉን። ይሁን እንጂ የሠሩትን አይመዘግቡም፤ የወለቀውም ዕቃ ለቁራሌው ይሸጣል። የጐደለን ጥበብ ሳይሆን መዝገብ ነው። ይህም የእኛ የተማሪዎቹ ሥራ ሊሆን በተገባ ነበር።

ያ ሰውዬ ቮልሱን ለቁራሌው አልሸጠውም። ከአራት ወር በኋላ ሊወስደው በመጣ ጊዜ አጎቴ ሞተሩን አስነሣለት፤ ቀጥሎም የወለቁትን አሮጌ ዕቃዎች የያዘ ካርቶን አውጥቶ ሰጠው። በካርቶኑ ላይ የምን ዕቃ እንደ ሆነና መቼ እንደ ተለወጠ የጻፍሁት እኔ ነበርሁ። ሰውዬው ካርቶኑን አባቱ ይቀመጡበት በነበረው ወንበር ላይ አስቀምጦ ነድቶ ሄደ።

እኛም በዚህ በዓል የምናከብረው ተማሪ ቤት እንደዚሁ ነው። ጣራው ተለውጧል፤ የመጀመሪያዎቹ መምህራን አንዳንዶቹ ጡረታ ወጥተዋል፤ አንዳንዶቹም ዐርፈዋል፤ ተማሪውም በየዓመቱ ይለወጣል። ነገር ግን አንዱ ለአንዱ እያስተላለፈ ስለ መጣ፣ ያው ተማሪ ቤታችን ነው። ይህም መጽሔት የወለቀው ዕቃ የሚቀመጥበት ካርቶን ይሁንልን።